የግራው ስፒከር

በዚያ ቤት አንድ የግራ ስፒከር ሦስት ባለሙያ አባርሯል። የመጀመሪያው ኬብሉን ቀየረ። ሁለተኛው ስፒከሩን ራሱን ነቅሎ በአዲስ ተካው። ሦስተኛው ሪሲቨሩን፣ ያንን ለየስፒከሩ ድምፅ የሚያከፋፍለውን ከባድ ጥቁር ሣጥን፣ ተሸክሞ ወደ ሱቅ ወሰደና ሁለት ቀን ሙሉ ሲያገላብጠው ከርሞ አንድም እንከን ሳያገኝበት መለሰው። ጡረታ የወጡት ዳኛ ግን ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ ያንኑ ፍርድ ፈረዱ፤ ግራው አይሰማም። እሳቸው አንዴ ከፈረዱ ይግባኝ የለም። የሱቁ ባለቤት ቢቸግረው «ጆሮ» የሚሉትን ሰው ላከ።

ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አንድ ስፒከር ውስጥ የላላች ብሎን ካለች ገና ከበሩ ሆኖ ይነግርሃል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ጥንቅቅ ያለ፣ ወሬው ቁጥብ፣ ትዳር ሲነሳበት ደግሞ መሣሪያውን ሰብስቦ እብስ የሚል ዓይነት ሰው። ያን ዕለት ጠዋት የሥራ ካርዱ ላይ የሰፈረውን አድራሻ ግን ሁለቴ አነበበው። ቤቱን ያውቀዋል። አባቱ የዚያ ቤት ጥበቃ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩ ላይ ኖረዋል፤ እሱም ያደገው ከበሩ ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ይሂድልኝ ብሎ ሊለምን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መቅረት አልፈለገም።

በሩን የከፈተችው እሷ ነበረች፤ የዳኛው አንድያ ልጅ። የፋርማሲ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ፊቷ ትንሽ ከስቷል፣ ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ለአንዲት አፍታ ዓይኖቿ የድሮዎቹ ሆኑ። ወዲያው ግን ዘጋቻቸው ማለት ይቻላል።

«ከሱቁ ነው የመጡት?» አለችው።

በአንድ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ያደጉ ሁለት ሰዎች «እርስዎ» ሲባባሉ መስማት ከስድብ ይብሳል። እሱም አቀርቅሮ፣ አዎ ለግራው ስፒከር ነው የመጣሁት አላት። እሷ መድኃኒት ስታስረዳ በምትናገርበት ድምፅ ነገሩን ዘረዘረችለት። ከስምንት ቀን በኋላ ሰርጓ ነው። ባሏ የሚሆነው ሰው የሚኖረው ሩቅ ከተማ ስለሆነ አባቷ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ፊልም ይወዳሉና ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ይህንን አምስት ስፒከር ያለውን ዕቃ ገዛችላቸው። እሱ ካልተስተካከለ ግን ጥላቸው የምትሄደው ከዝምታ ጋር ነው።  እሱ ያለው «እናየዋለን» ብቻ ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት የሆነውን አሁን መናገር ግድ ነው። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር። ደብዳቤያቸው መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ በጥበቃ ክፍሏ መስኮት ይመላለስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ከጓደኛው ኮት ተውሶ፣ ጫማውን ሦስት ጊዜ ቦርሾ፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ወደሚያነቡት ዳኛ ሄደ። እጅ ነሳ፤ እሳቸውም በአንገታቸው ንቅናቄ ተቀመጥ አሉት። ከጎናቸው በነበረችው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ልጃቸውን እንደሚወዳትና ፈቃዳቸውን እንደሚለምን ተናገረ። ዳኛው ገጹን ገለጡ። ቆይተው ጋዜጣውን አጠፉና ተነሡ፤ «በል፣ ደህና ዋል» ብለውት ወደ ውስጥ ገቡ።

ያን ዕለት ቅስሙ ተሰበረ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል፣ ለእምቢታ እንኳ አልበቃሁላቸውም ብሎ ጻፈላት፤ አባቱም በዚያው ወር ሥራ ለቀው ስለነበር ይዟቸው ከሰፈሩ ወጣ። እሷ ደብዳቤውን ይዛ አባቷን ጠየቀች። አባቷም መጥቶ ተቀምጦ ሄደ እንጂ ምንም የጠየቀኝ ነገር የለም አሏት። መልሷ በሳምንቱ ደረሰው፣ ሦስት መስመር ነው። «ልትተወኝ ከፈለግክ መተው ትችል ነበር። አባቴን ውሸታም ማድረግ ለምን አስፈለገህ? አባቴ ዋሽቶ አያውቅም።» ያችን ወረቀት የድምፅ መለኪያው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሁለተኛ አልጻፈላትም። ኩራት ነው በሉት፤ ሞኝነት ብትሉትም አልከራከራችሁም።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንመለስ። ዳኛው በረንዳ ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል። እሱም በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ሰክቶ በዳኛው ወንበር ላይ፣ ልክ ጆሯቸው በሚውልበት ቁመት አቆመው። ሪሲቨሩ ከየስፒከሩ ተራ በተራ ድምፅ እየለቀቀ በማይክሮፎኑ ያዳምጣል፤ የቱ ሩቅ እንደሆነ፣ የቱ እንደሚጮኽና የቱ እንደሚያንስ ራሱ ይለካል። ሥራው አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ልኬቱ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም፣ በር አይከፈትም፣ ወንበር አይጎተትም። ማቀዝቀዣው እንኳ ተነቅሏል። ይህን ነግሯት ሲጀምር እሷ ገና ከክፍሉ አልወጣችም ነበርና ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ሩብ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከአንዱ ጥግ ድምፅ ፉጭ ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ ከሌላው ጥግ። እሱ ዓይኑን ከማሽኑ ላይ ላለማንሳት ቢታገልም አልቻለም፣ ቀና ባለ ቁጥር እሷ ታየው ነበር። ጥላቻ አልነበረም በአስተያየቷ ውስጥ፤ ጥላቻ ቢሆን ይቀለው ነበር። አንድ ጊዜ የከበደ ዕቃ ለማንሳት እንደሚዘጋጅ ሰው ትንፋሿን ሳበች፣ ከንፈሯ ተከፈተ። እሱም በልማድ፣ የሥራ ነገር ሆኖበት፣ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

አፏ ተዘጋ። ፊቷም አብሮ ተዘጋ።

ልኬቱ ሲያልቅ፣ አሁን መናገር ይችላሉ፣ ምን ሊሉኝ ነበር አላት። ምንም አለች። ከፎቅ የሰርግ ልብስ ሰፊዋ ለልክ ስትጠራት ተነሥታ ሄደች። ምን ነበር ሊወጣት የነበረው? እሱ ያን ጣቱን ቢቆርጠው በወደደ ነበር።

ማሽኑ ያገኘው ነገር ግር የሚል ነበር። የግራው ስፒከር ጤነኛ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በፊት የመጡት ሰዎች ዳኛውን ለማስደሰት ከቀኙ አሥር ዴሲቤል አስበልጠው ለቀውታል፣ ይጮኻል። መልሶ አስተካከለው። በእጅ መለኪያውም ደገመ፤ ግራው ሰባ አምስት፣ ቀኙም ሰባ አምስት። ዳኛውን ቀስቅሶ በወንበራቸው አስቀመጣቸው። መጀመሪያ አላወቁትም። የጥበቃው ልጅ መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው በራ፣ አባቱ ማረፋቸውን ሲሰሙ ደግሞ ከልባቸው አዘኑ። እንዲህ ያለ ሀዘኔታ ከእሳቸው አልጠበቀም ነበርና ተደናገረ።

ድምፁን ከፈተ። «ግራው አይሰማም» አሉ።

የሁለቱን ስፒከሮች ኬብል አለዋውጦ ሰካ። ኬብሉ ወይም ሪሲቨሩ ላይ ችግር ካለ አሁን ቀኙ መጥፋት አለበት። ዳኛው ግን አሁንም ግራው ነው አሉ። መሣሪያው ፊት ተንበርክኮ ቆየ። በሙያው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የቀረውን አንድ ነገር መለወጥ ነው። የቀረው ደግሞ ወንበሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንበሩን ከነርስዎ ወደ በሩ ላዙረው?»

አዞራቸው። ምንጣፉ ላይ የወንበሩ እግር ግማሽ ክብ ሠራ። ያንኑ የግራውን ስፒከር ለብቻው ለቀቀው፤ አሁን በዳኛው ቀኝ በኩል ሆኗል። «ይሄ ይሰማል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው» አሉ። ሌላኛውን ለቀቀው። «ይሄ ደግሞ ጠፋ፣ አሁንም ግራው…» ብለው ቃሉን ሳይጨርሱት ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ማስረጃ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በራሳቸው ላይ የሰጡትን ምስክርነት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጉድለቱ ከሰውየው ጋር አብሮ ዞሯል።

ድምፁን አጠፋው። ዳኛው በሩን ዝጋው አሉት።

የነገሩት ነገር አጭር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሲነሡ ግራ ጆሯቸው ሞቶ አደረ። ለማንም አልተናገሩም፤ ግማሽ የሚሰማ ዳኛ ማን ያምናል? የችሎቱን ጠረጴዛ አስዞሩ፣ ሰው ሁሉ በቀኛቸው እንዲቆም አደረጉ፣ በመጨረሻም ሳይታወቅባቸው ቀድመው ጡረታ ወጡ። የምታውቀው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። በረንዳም ሆነ ሳሎን ሁልጊዜ በግራቸው ትቀመጥ የነበረው ሌላ ሰው በዚያ በኩል እንዳይቀመጥ ብላ ነው። የምትላቸው ነገር ሲኖር እጃቸውን በጣቷ ነካ ታደርግ ነበር፣ እሳቸውም ይዞሩ ነበር። «ልጄ ፍቅር ይመስላት ነበር» አሉ። «ፍቅርም ነበር።»

ቴክኒሻኑ መለኪያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። 

«ጋሼ፣ ያን ቅዳሜ በረንዳ ላይ መጥቼ ነበር። እትዬ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የተቀመጥኩት በእትዬ ወንበር፣ በግራዎ ነው።»

ዳኛው ቀስ ብለው ዞሩ። 

ልትሰናበተኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር አሉት። አባትህ ሥራ ሊለቅ ስለነበር። አፍረህ ዝም ብለህ የተቀመጥክ መስሎኝ ጨዋ ልጅ ነው አልኩ። ልጄ ስትጠይቀኝም የሆነውን ነገርኳት፣ ምንም አላለኝም አልኳት። ይህን ብለው የወንበራቸውን ቀኝ ክንድ መታ መታ አደረጉ።

«በዚህ በኩል ና። ያን ቀን ያልከኝን አሁን በለኝ።»

በቀኛቸው ተንበረከከ። ቃሎቹን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ሲላቸው ኖሯል። «ጋሼ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። አባቴ በርዎን የጠበቀ ሰው ነው፣ ሌላ የምጠራው ዘር የለኝም። እጄ ሙያ ያውቃል፣ አላስርባትም። ፈቃድዎን ልለምን ነው የመጣሁት።» 

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ እምቢ ነበር የምልህ» አሉ። «አልዋሽህም፤ ያኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ግን አፍ አውጥቼ ነበር እምቢ የምልህ። እሷም መጠየቅህን ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ የእሷ ነበር። እኔ ያን ነው የቀማኋችሁ።»

 ከፎቅ የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ሽማግሌው፣ በሕይወቱ ማንንም ሲለምኑ አይቷቸው የማያውቃቸው ሰው፣ ክንዱን ያዙት። እንዳትነግራት አሉት። ይህን ካወቀች አትሄድም። ደንቆሮ አባቴን ጥዬ አልሄድም ትልና ሠላሳ አንድ ዓመቷን እዚህ ወንበር ሥር ትቀብራለች። ለአንተ ብላ አይደለም የምትቀረው፣ ለእኔ ብላ ነው። ያገኘችው ሰው ደግ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ እንባቸው ወርዶ ከጢማቸው ላይ ተንጠባጠበ።

እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሕይወት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጠየቁን እንድታውቅለት። እንድትመለስለት እንኳ አልነበረም። አሁን ያ ነገር ተገኘ፤ እጁ ላይ አለ፤ ፎቅ ድረስ ሃያ ደረጃ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። የሽማግሌውን እጅ በክንዱ ላይ አየ። 

«እሺ ጋሼ» አለ።

ከዚያ ሥራውን ሠራ። ወንበሩን መለሰ፣ ኬብሎቹን በየቦታቸው ሰካ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠግቶ እንደገና ለካ። በግራ የሚመጣው ሁሉ በቀኝም እንዲወጣ አደረገው፤ የሰው ንግግር የሚወጣበትን የመሃሉን ስፒከርም ከፍ አደረገላቸው። ፊልም ሲከፍትላቸው ዳኛው በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ፊታቸው ጨልሞ ነበር።

እሷ ወረደች። ከልኩ ላይ የቀረ የጠመኔ ምልክት ቀሚሷ ጫፍ ላይ አለ። አባቷ ቅሬታ ሳያሰሙ ፊልም ሲያዩ ስታገኝ ተገረመችና ችግሩ ምን ነበር አለችው።

«ግራው ነበር። አስተካክዬዋለሁ።»

የሥራ ካርዱን እንድትፈርምበት ሰጣት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። አፉ ዋሸ እንጂ እጁ ሐሰት መጻፍ አልለመደም፤ በካርዱ ላይ የሞላው እንደ ወትሮው የሆነውን ነው። የተቀየረ ዕቃ፣ የለም። የተጠገነ ዕቃ፣ የለም። የግራ መጠን ሰባ አምስት፣ የቀኝ መጠን ሰባ አምስት። የፋርማሲ ሰው ናትና ጽሑፍ ሳታነብ አትፈርምም። አንብባ እንደገና አነበበች። ምንጣፉ ላይ ወደ ቀረው ግማሽ ክብ ተመለከተች። ከዚያ ዓይኗ በአባቷ ወንበር ግራ ክንድ ላይ አረፈ፤ እናቷ እጃቸውን ነካ ታደርግበት የነበረው ቦታ ላይ። እዚያው ላይ ብዙ ቆየ።

በእግሯ ጣት ሄዳ በአባቷ ግራ ቆመች። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። እጇን ግን በእጃቸው ላይ አላሳረፈችም።

«አባዬ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው። «ይሄ ልጅ ያኔ መጥቶ ጠይቆህ ነበር?»

ዳኛው ፊልማቸውን ያያሉ።

«አባዬ፣ እኔ ከእሱ ሌላ የወደድኩት ሰው የለም። ላምነው ይገባኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ዳኛው አልዞሩም። ቴክኒሻኑ ከበሩ ሥር ሆኖ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ከቃሏ አንዲትም አላመለጠችውም፤ ያን ጊዜ ጆሮ ባይኖረው በመረጠ ነበር። እሷ ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ የድሮዎቹ ነበሩ፣ አሁን ግን አልዘጋቻቸውም፤ በእንባ እስኪሞሉ ድረስ አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ሰባቱም ዓመት ነበሩበት፣ ስምንቱም ቀን ነበሩበት።

ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ወንበሩን ዞራ ወደ አባቷ ቀኝ ሄደች።

«አባዬ፣ ሻይ ላምጣልህ?» አለች ጮክ ብላ።

«አምጪልኝ ልጄ» አሉ ዳኛው፤ ቀና ብለውም ሳቁላት።

ካርዱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈችበት፣ ፈረመች፣ ሁለት ቦታ አጥፋ ሰጠችው። እጃቸው አልተነካካም። ደህና ይሁኑ አላለችውም፣ ደህና ሁንም አላለችውም።

የጥበቃ ክፍሏን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከግንብ ሥር ቆመና ካርዱን ዘረጋው። ከታች የደንበኛ አስተያየት የሚል አንድ መስመር አለ። ሌላው ሰው ጥሩ ነው ወይም ዘግይቷል ብሎ የሚሞላው። እሷ የጻፈችው ሁለት ቃል ነው፤ ጽሑፏ እንደ ድሮ ወደ ቀኝ ያጋደለ።

«ጠይቀህ ነበር።»

ካርዱ ከሰዓት በፊት ለሱቁ መመለስ ነበረበት። እሱ ግን የመለኪያውን ቦርሳ ኪስ ከፈተና ከዚያች ከሦስት መስመሯ ወረቀት ጋር አብሮ ከተተው። ሰባት ዓመት የለመነው ቃል ደረሰው፤ እንደዚህ ያማል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም ነበር።